መኪናው ሞጆ ከመድረሱ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ውጭ አገር ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ያለው የአዳማ ቤተሰብ ብዙ ነው። «አንድ ያገለገለ መኪና ገዝተን ብንልክላችሁስ?» የሚለው ሐሳብም በየቤቱ ይነሳል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ መኪና ላስመጣ የሚል ሰው የሚያስበው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ስለነዚህ መኪኖች በየጋዜጣው የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዋጋቸውና ስለ ቀረጥ ማበረታቻቸው ነው። ለራሱ አንድ መኪና የሚያስመጣን ሰው የሚያከስረው ሌላ ነው። እኛ አንዳችን በጉምሩክ አስተላላፊነት፣ ሌላችን በመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና በአዳማ የምንሠራ ሰዎች ነን፤ ለአንባቢ ይጠቅማል ያልነውን እንዲህ ጽፈናል።

ሰው መኪና ሲያስመጣ ከዋጋው ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን መኪናው ማታ ከሚሰካበት ሶኬት ነው። ከሶኬቱ ወደ ባትሪው፣ ከባትሪው ወደ ሻንሲ ቁጥሩ፣ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ይኬዳል፤ ዋጋ የሚጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ተራ ሲገለበጥ ጉድለቱ የሚታወቀው መኪናው ሞጆ ደረቅ ወደብ ከቆመ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ ሄዷል፣ ሻጩም ስልክ አያነሳም።

አብዛኛው መኖሪያ ቤት ባለ አንድ ፌዝ፣ 220 ቮልት ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 16 አምፒር ይስባል፤ ይህም 2.2 ወይም 3.5 ኪሎዋት ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ20 በመቶ ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ባትሪው ውስጥ እስኪገባ የሚባክነው አንድ አሥረኛ ሲታከልበት ቆጣሪው ላይ 40 ገደማ ይቆጥራል። ይህ በ2.2 ኪሎዋት 18 ሰዓት፣ በ3.5 ኪሎዋት ከ11 ሰዓት በላይ፣ በግድግዳ ላይ በሚተከለው ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ደግሞ 6 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የመጨረሻው 32 አምፒር ይስባል። ለእሱ ከቆጣሪው ሳጥን የራሱ መስመር፣ የራሱ ባለ 40 አምፒር ብሬከርና የኤሌክትሪክ መፍሰስን የሚቆርጥ መከላከያ ያስፈልገዋል። ሽቦው ከ6 ስኩዌር ሚሊሜትር የማያንስ መዳብ ይሁን፤ ርቀቱ ከ20 ሜትር ካለፈ ወደ 10 ቢያድግ ይሻላል። ምጣድና የውሃ ማሞቂያ ባለበት ቤት ይህን ሁሉ በአንድ ፌዝ መሸከም ስለማይቻል፣ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ የሚያስፈልግ ከሆነ ማመልከቻው ለኤሌክትሪክ አገልግሎት መግባት ያለበት መኪናው ከመታዘዙ በፊት ነው። አለበለዚያ መስመሩ እስኪቀየር መኪናው ግቢ ቆሞ ይጠብቃል፤ ለዚያ ሰበብ ተብሎ በቀጭን ኤክስቴንሽን ሲሰካ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀልጠው ሶኬቱ ነው።

ከሁሉም በላይ አደጋ ያለው ኧርዙ ላይ ነው። ተንቀሳቃሾቹ ቻርጀሮች የመሬት ሽቦ መኖሩን ይፈትሻሉ፤ ከሌለ ቀይ መብራት አብርተው ሥራ አይጀምሩም። ብዙ የቆዩ ቤቶች ሶኬት ሦስተኛ ቀዳዳ አለው፣ ከኋላው ግን ምንም አልተያያዘም። ያን ጊዜ አንዳንድ ሠራተኛ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን (የመመለሻ ሽቦውን) ከኧርዙ (ከመሬት ሽቦው) ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል፤ ቻርጀሩም ተታሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ከምሰሶ ወደ ቤት የሚመጣው ኒውትራል አንድ ቀን ከላላ ወይም ከተበጠሰ፣ 220 ቮልቱ ቀጥታ የመኪናው አካል ላይ ይወጣል። በር ለመክፈት እጁን የሚዘረጋ ሰው፣ ግቢ ውስጥ የሚጫወት ሕፃን ነው የሚነካው። ይህን የሚሠራ ባለሙያ ከቤታችሁ ይውጣ። ትክክለኛው መፍትሔ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ በወፍራም ሽቦ ማያያዝ ነው። በበጋ የአዳማ አፈር ሲደርቅ ዘንጉ ሥራውን በደንብ አይሠራም፤ ስለዚህ ዘንጉ አትክልት የሚጠጣበት ወይም የእጥበት ውሃ የሚፈስበት እርጥብ ቦታ ይቀበር፣ በመሣሪያም ይለካ። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ደግሞ መኪና ማቆሚያው የጋራ ነው፤ ከራሱ ቆጣሪ መስመር ለመዘርጋት የኮሚቴውን የጽሑፍ ስምምነት አስቀድሞ ይያዝ።

ሶኬቱ ከተረጋገጠ በኋላ የመኪናው መሰኪያ ይጠየቃል። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የቻይናን ጂቢቲ መሰኪያ፣ ለአውሮፓ የተሠራው ታይፕ 2 እና ሲሲኤስ 2፣ የቀድሞዎቹ የኒሳን ሊፍ መኪኖች ደግሞ ቻዴሞ የሚባለውን ይጠቀማሉ። ከዱባይ የሚመጣው የቻይናም የአውሮፓም ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ የቻይና ገበያ መኪና እዚያ ገብቶ ነው ወደ እኛ የሚሸጠው። ሻጩን «ምን ዓይነት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ክዳኑ ተከፍቶ ከፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ይላክ። የቻይናው የኤሲ (በቤት ኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ የሚሞላበት) መሰኪያና የአውሮፓው ታይፕ 2 ሁለቱም ባለ 7 ፒን ስለሆኑ ላልለመደ ዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ወንዴና ሴቴው ግን የተገላበጠ ስለሆነ አይገጣጠሙም። ለኤሲ የሚሆን አዳፕተር ቀላል ዕቃ ነው። ፈጣኑን የዲሲ ቻርጅ ለመቀየር የሚያገለግለው ግን ውስጡ ከመኪናው ጋር የሚነጋገር ኮምፒዩተር ስላለው ውድ ነው፣ ይግላል፣ አንዳንዱ መኪናም አይቀበለውም። እዚህ ያሉት አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከቻይና የመጡ ስለሆኑ፣ ጂቢቲ ያለው መኪና የመጣ እንደሆነ ቻርጀርና መለዋወጫ ከጎረቤት ማግኘት ይቀላል። የጃፓንና የእንግሊዝ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ስለሆነ ለእኛ መንገድ አይሆኑም፤ ርካሽ ሊፍ አገኘሁ የሚል ሰው መጀመሪያ የመሪውን ፎቶ ይይ።

አሁን ወደ ባትሪው። የመኪናው ግማሽ ዋጋ እዚያ ነው ብንል ብዙ አልራቅንም። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈውን የኪሎሜትር ርቀት ተዉት፤ ያ በቻይና የመለኪያ ስልት አዲስ ሳለ የተገኘ ቁጥር ነው። ከዚያ ይልቅ በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን የመለያ ሰሌዳ ፎቶ አስነሱ። በቻይና የተሠራ የኤሌክትሪክ መኪና ሰሌዳ የባትሪውን ቮልትና አምፒር ሰዓት ይጽፋል። ሁለቱን አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ነው፤ ለምሳሌ 352 ቮልት በ180 አምፒር ሰዓት 63 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ይህ ስሌት የሚያስፈልገው ደላላ ትንሹን ባትሪ በትልቁ ስም ስለሚሸጥ ነው። አገራችን ውስጥ በብዛት የሚታየው የቮልስዋገን አይዲ 6 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በ63 እና በ85 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ባትሪ የተሠሩ ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ መኪና ስለሆነ ሶፍትዌሩም፣ የጥገና መመሪያውም በቻይንኛ መሆኑን አብሮ ማወቅ ይገባል።

ባትሪው አሁን ምን ያህል እንደቀረው ለማወቅ ሻጩ ማድረግ የሚችለው ቀላል ፈተና አለ። መኪናው በ20 በመቶ ላይ ይሰካ፣ 80 በመቶ ሲሞላ ይነቀል፣ የቻርጀሩ ቆጣሪ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሰጠ መጀመሪያና መጨረሻው በቪዲዮ ይቀረጽ። በኤሲ ከተሞላ የተቆጠረውን በ0.9 አባዝቶ ለ0.6 ማካፈል ነው። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ጤነኛ ከሆነ ቆጣሪው 40 አካባቢ ይላል። 32 ካለ፣ 32 በ0.9 ሲባዛ 28.8፣ ለ0.6 ሲካፈል 48 ይሆናል፤ ባትሪው አንድ አምስተኛውን አጥቷል ማለት ነው። በተለይ ኤልኤፍፒ የሚባለው የብረት ፎስፌት ባትሪ ቮልቴጁ ከመሃል ሲሆን እምብዛም ስለማይለዋወጥ፣ ዳሽቦርዱ የሚያሳየው መቶኛ ሊሳሳት ይችላል፤ ከፈተናው በፊት አንድ ጊዜ እስከ 100 በመቶ ተሞልቶ ቢስተካከል ውጤቱ ይታመናል። ኦቢዲ አንባቢ (የመኪናውን ኮምፒዩተር የሚያነብ መሣሪያ) ያለው ሻጭ ከሆነ ደግሞ ባትሪው የተገነባባቸው ሴሎች ከፍተኛና ዝቅተኛ ቮልቴጅ ይታይ። መኪናው አርፎ፣ ቻርጁ መሃል ላይ ሳለ ልዩነቱ ከጥቂት አሥር ሚሊቮልት ካለፈ አንድ ሞጁል (የሴሎች ጥቅል) ሳይደክም አልቀረም። አንድ የደከመ ሞጁል ደግሞ ሙሉውን ባትሪ ይዞት ይወድቃል፤ ኮምፒዩተሩ የሚያቆመው በደካማው ሴል ልክ ነውና።

በቀድሞዎቹ ሊፎች ላይ ነገሩ ግልጥ ብሎ ይታያል፤ ዳሽቦርዱ በስተቀኝ 12 የባትሪ ጤና መስመሮች አሉት። የመጀመሪያው ሲጠፋ 15 በመቶ ያህል አቅም ሄዷል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ስድስት በመቶ ገደማ ነው። የእነዚህ ሊፎች ባትሪ በፈሳሽ አይቀዘቅዝም፣ ስለዚህ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት የኖረ ሊፍ ከዕድሜው በላይ ያረጃል። አዳማም ቀዝቃዛ ከተማ አይደለችም።

ይህ ሁሉ ቁጥር ለአዳማ ነዋሪ ምን ማለት እንደሆነ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ እንየው። አዲስ አበባ ከአዳማ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጨርሳል። ሜዳ ላይ በመቶ ኪሎሜትር 18 ቢበላ፣ በፍጥነት መንገዱ ከአዳማ ሲወጣ 22 ይፈጅበታል፤ ሲመለስ ቁልቁለቱ የተወሰነውን ስለሚመልስለት 15 ይበቃዋል። ደርሶ መልሱ 37 ነው። 60 የሚይዝ ባትሪ በደንብ ይወጣዋል። አንድ አምስተኛውን ያጣው 48 ደግሞ ሲመለስ 11 ብቻ ይተርፈዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጉዳይ ሲዞር ዋለ ከተባለ እሱም ያልቃል። ወደ ሐዋሳ የሚመላለስ ሰው ይህን ሒሳብ ሳይሠራ መኪና አይግዛ።

በውሃ የተጎዳ መኪና ሌላው ሥጋት ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ዱባይን ያጥለቀለቀውን ዝናብ ሁሉም ያስታውሳል፤ እንዲህ ካለው ጎርፍ የሚወጡ መኪኖች ታጥበውና ተወልውለው ገበያ ላይ ይቀርባሉ። በነዳጅ መኪና ላይ ይህ የሽታና የዝገት ጉዳይ ነው፤ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግን የከፍተኛ ቮልቴጁ መከለያ ቀስ በቀስ ይበላሽና ከወራት በኋላ መኪናው «የኢንሱሌሽን ጉድለት» ብሎ ጨርሶ አልነሳም ይላል። ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው የደህንነት ቀበቶውን እስከ ጫፉ ስቦ ያሳይ፤ ውሃ የገባበት ቀበቶ ላይ የጭቃው መስመር ይቀራል። የወንበሩ ሐዲድ ብሎን መዛጉ፣ ከምንጣፉ ሥር አሸዋ መኖሩ፣ የሽቦ መገጣጠሚያዎች አረንጓዴ ማውጣታቸው ተመሳሳይ ምልክት ነው። መኪናው ተነስቶ ከሥሩም ይታይ፤ የባትሪው ሽፋን ከወለል ጋር ስለሚተካከል በድንጋይ የተጨረገደ ወይም የጎደጎደ ከሆነ ውስጡ ያለው ሴል ተነክቷል ብሎ መጠርጠር ነው።

ሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ አለው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች በፍጹም አይገቡበትም፤ ካለባቸው ሰነዱ ተሳስቷል። በቻይና የተሠራ መኪና በኤል ይጀምራል። አሥረኛው ፊደል የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ ኤል 2020፣ ኤም 2021፣ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024፣ ኤስ 2025 እ.ኤ.አ. ነው። ቁጥሩ በፊት መስታወቱ ግርጌ፣ በበር ምሰሶው ሰሌዳና በአካሉ ብረት ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ሦስቱም በግልጽ ፎቶ ተነስተው ከኢንቮይሱና ከቢል ኦፍ ሎዲንጉ (ከመርከብ ጭነት ሰነዱ) ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከሩ። አንድ 8 ቁጥር ቢ ሆና ብትጻፍ ጉምሩክ ላይ ማስተካከያ ደብዳቤ ከመርከብ ድርጅቱ ማምጣት ግድ ይላል፤ ደብዳቤው እስኪመጣ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል። የሞተር ቁጥሩም አይረሳ። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሞተሩ ሰሌዳ ከሥር ስለሆነ ማንም አያየውም፤ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ሁለት ነው። ሊብሬ ሲወጣ ያ ቁጥር ይጠየቃል፤ መኪናው ሊፍት ላይ ሳለ ፎቶውን ማንሳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከቻይና ለሚገዛ ሰው በዚህ ጊዜ የተጨመሩ ሁለት ነገሮች አሉ። ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ከቻይና ሲወጣ የኤክስፖርት ፈቃድ ይጠየቃል። አዲሱን መኪና ለአንድ ቀን በሰው ስም አስመዝግቦ «ያገለገለ» ብሎ የመላክ ልማድም ተጠብቋል፤ ከተመዘገበ 180 ቀን ያልሞላው መኪና አምራቹ ለድኅረ ሽያጭ አገልግሎት ማረጋገጫ ካልሰጠበት እንዲወጣ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ሻጩ የኤክስፖርት ፈቃዱንና የቀድሞ ባለቤት ከመኪናው የስልክ መተግበሪያ መውጣቱን ገንዘብ ከመላኩ በፊት ያሳይ። ይህን የመጨረሻውን ነገር ብዙ ሰው ቀላል አድርጎ ያየዋል። መተግበሪያው ከሌላ ሰው ስም ጋር እንደተያያዘ የመጣ መኪና ተጨማሪ ቁልፍ ማስመዝገብ እንኳ እምቢ ሊል ይችላል፤ ያንን የሚፈታው ቻይና ያለው ባለቤት ብቻ ነው።

ስለ ቀረጥ ብዙ የተዛባ ነገር ይወራል። በነዳጅ መኪና ጊዜ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ ይሰሉ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ ኤክሳይዙ መኪናው ባረጀ ቁጥር እንዲጨምር ተደረገ። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማበረታቻ ግን የኤሌክትሪክ መኪና ከሦስቱ ታክሶች ነፃ ሆኖ፣ ተገጣጥሞ የገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ተወስኗል። መመሪያ ስለሚሻሻል፣ ገንዘብ ከመላኩ በፊት በሥራ ላይ ያለው ተመንና ያገለገለ መኪናን የሚመለከተው መመሪያ በጽሑፍ ይታይ። «ሰው ነግሮኝ» የሚባል ነገር ጉምሩክ መስኮት ላይ አይሠራም።

ቀረጡ የሚሰላው መኪናው በተገዛበት ዋጋ ብቻ አይደለም፤ እስከ አገሪቱ የመጀመሪያ መግቢያ ድረስ ያለው ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ይጨመርበታል። ለስሌት ያህል መኪናው 14,000፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ 3,000 ዶላር ነው እንበል። አንድ ዶላር በ150 ብር ሲታሰብ 2,550,000 ብር ይሆናል፤ 15 በመቶው 382,500 ብር ነው። ጉምሩክ ግን የቀረበለትን ኢንቮይስ የመቀበል ግዴታ የለበትም። በአዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት ዋጋው አጠራጣሪ ከሆነ በተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ ይተምናል። 22,000 ዶላር ብሎ ቢተምነው ቀረጡ 495,000 ብር ይደርሳል፤ ልዩነቱ 112,500 ብር ነው። ሻጮች «ኢንቮይሱን አሳንሼ ልጻፍልህ» ሲሉ ውለታ የዋሉ ይመስላል። አይደለም። ገዢው ትክክለኛውን ዋጋ የሚያስረዳበት የባንክ ማስረጃ ከኢንቮይሱ ጋር ስለማይገናኝ ይግባኝ ለማለት እንኳ መቆሚያ ያጣል፤ ቅጣትም አለው፤ መኪናው ባሕር ላይ ቢጎዳ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው በተጻፈው ልክ ነው። የብር ምንዛሬም የሚታሰበው ዲክላራሲዮን በሚቀርብበት ጊዜ ባለው ተመን ስለሆነ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ለቀረጥ የተቀመጠ ገንዘብ ላይ ጥቂት መጠባበቂያ መጨመር ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ከየት ነው የመጣው የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ቀድሞ መመለስ አለበት። የባንክ ፈቃድ ሳይኖረው ወይም የውጭ ምንዛሬ ሳይጠየቅበት በፍራንኮ ቫሉታ እንዲገባ በሥልጣን ያለው አካል ሳይፈቅድለት የተጫነ መኪና፣ ወረቀቱ ሁሉ ቢሟላ እንኳ ወደብ ላይ ይቆማል። ከቀረጥ ነፃ መብት ባለው ሰው ስም ማስገባት ይቻላል የሚሉም አሉ። መብቱ የሰውየው እንጂ የመኪናው አይደለም፤ መብት ወደሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ ይጠየቃል፣ ስም ማዞርም አይቻልም።

ሲጫን መኪናው በሊቲየም ባትሪ የሚሠራ መሆኑ በመርከብ ሰነዱ ላይ ይጻፍ። በዓለም አቀፉ የባሕር ጭነት ደንብ ይህ ምድብ 9 የአደገኛ ዕቃ ምድብ ውስጥ ይገባል፤ ሻጩ ማጓጓዣ ለማርከስ ብሎ ተራ መኪና ብሎ ካስጫነው መርከብ ድርጅቱ ጭነቱን ሊያግድና ሊቀጣ ይችላል። ትልቁ ባትሪ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይጫን። ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ደግሞ ኔጋቲቩ ይነቀል። ሳይነቀል ሳምንታት ባሕር ላይ የቆየ መኪና 12 ቮልቱ ይሞትበታል፤ ያ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ማብሪያ ሥራ አይጀምርም፣ በሩ በሪሞት አይከፈትም፣ የእጅ ፍሬኑ ተቆልፎ ይቀራል። ሞጆ ላይ በጣም የሚያናድደው ነገር ይህ ነው፤ መኪናው ደህና ነው፣ ግን እንደ ድንጋይ አይንቀሳቀስም። በሪሞቱ ሆድ ውስጥ የተደበቀች የብረት ቁልፍ አለች፣ በሾፌሩ በር እጀታ ሥር ቀዳዳዋ ይገኛል። ከዚያ ኮፈኑ ተከፍቶ በሌላ 12 ቮልት ባትሪ ማነቃቃት ነው። ማንም ሰው ግን መኪናውን በጎማው እያንከባለለ በገመድ አይጎትት፤ ጎማው ሲዞር ሞተሩ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ኢንቨርተሩን (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚቀይረውን ዕቃ) ሊያቃጥል ይችላል። በሎቤድ ወይም በክሬን መኪና አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ ነው የሚጓጓዘው።

መኪናው ከመድረሱ በፊት አስተላላፊው እጅ ላይ መሆን ያለበት ኢንቮይስ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የስሪት አገር ማስረጃ፣ የኢንሹራንስ ሰነድ፣ የክፍያ ማስረጃ ወይም የፍራንኮ ቫሉታ ፈቃድ፣ የውክልና ወረቀትና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። በሁሉም ላይ ስሙ አንድ ዓይነት ይጻፍ፤ በፓስፖርት የተጻፈው ስምና በመታወቂያ ያለው የአያት ስም በአንድ ፊደል ሲለያይ የሚያስከትለውን ጣጣ የደረሰበት ያውቃል። ርክክቡ ላይ ደግሞ መኪናው ከወደቡ ከመውጣቱ በፊት ዙሪያውን ይታይ፤ ተንቀሳቃሽ ቻርጀሩ፣ ሁለተኛው ቁልፍ፣ የጎማ መንፊያው መኖራቸው ይረጋገጥ፤ የተሰበረ ወይም የጎደለ ካለ እዚያው በሰነድ ይፈረም። ከወጣ በኋላ ኃላፊነት የሚወስድ የለም። ከዚያ የቴክኒክ ምርመራው፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድንና የሰሌዳው ጉዳይ ይከተላል፤ ቁጥሮቹ ከተስማሙ ይሄኛው ክፍል ቀላል ነው።

ለጉምሩክ ኮሚሽንና ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርም በጋዜጣችሁ በኩል ሁለት ነገር እንጠይቃለን። የመጀመሪያው ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገባ የባትሪው ቀሪ አቅም በላኪው አገር ተለክቶ ከሰነዶቹ ጋር አብሮ እንዲቀርብ ነው። የመኪናው ዕድሜ በዓመት ይታያል፤ ባትሪው ግን 95 በመቶ ይሁን 65 በመቶ የሚጠይቅ የለም። ሞቶ የሚመጣው ባትሪ በመጨረሻ የሚጣለው እዚሁ አገር መሆኑ መታሰብ ነበረበት። ሁለተኛው፣ ኮሚሽኑ ለየሞዴሉና ለየዓመቱ የሚጠቀምበት የኤሌክትሪክ መኪና መነሻ ዋጋ ለማንኛውም ሰው በግልጽ ቢታይ፣ ገዢው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት የሚከፍለውን ቀረጥ በትክክል ማስላት ይችላል፤ የኢንቮይስ ማሳነሱ ንግድም ገበያ ያጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
ሁለት የሙያ ሰዎች፣ ከአዳማ